ሚያዝያ 23 ቀኑን በእግር፣ ማታ ፒያሳ አይስክሬም፤ የት እንሂድ?

የማራኪዋ

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ እንኳን ለትንሣኤው አደረሳችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበረን። ለሠርጉ ከአዲስ አበባ የመጡት የእህቴ ልጆች እስከ እሑድ እዚሁ ናቸው። ልጅቷ 10 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 14። እስካሁን ያዩት ድንኳን፣ ዶሮ ወጥና ዘመድ ብቻ ነው። ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ስለሆነ እኔም ሥራ አልገባም። ቀኑን በእግር ላውላቸው አስቤያለሁ። ከመኪና ወርዶ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ሳይሆን ዳገት ያለው፣ ላብ የሚያወጣ መንገድ። ከዚያ በአስር ሰዓት ገደማ ፒያሳ ገብተን አይስክሬም እንበላለን። ለልጅቷ ቃል ገብቼላታለሁ፣ ከተኛችበት ስትነሳ የምትጠይቀኝ እሱን ነው።

ቀኑ አርብ ነው፤ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሆነ ግን ጾም የለም። ስለዚህ እናቴም አብራን ትወጣለች፣ አብራንም ትበላለች። 61 ዓመቷ ነው። ዳገት አያስፈራትም፣ ቁልቁለት ላይ ግን ጉልበቷን ትሳሳለታለች።

ኮሶዬ ይሻላል ወይስ ቁስቋም? ሌላም ካለ ንገሩኝ። አይስክሬሙንም የት እንደሚሻል።

ወገሬው

እህቴ ኮሶዬ ውሰጃቸው፣ ሌላ አትጠይቂ።

ከከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደባርቅን መንገድ ይዘሽ ወለቃን አልፈሽ ሽቅብ ነው። መኪናው እየወጣ ሲሄድ አየሩ ሲቀየር በመስኮቱ ይሰማሻል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፣ ኮሶዬ ግን ብዙ መቶ ሜትር ከዚያ በላይ ነው፤ በዚህ ሙቀት እሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። አፋፉ ላይ ስትቆሚ የቆላው አገር ከሥርሽ ተዘርግቶ ይታያል።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹም አሉ። ልጆቹ በቴሌቪዥን ካዩ አሁን በዓይናቸው ይዩ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ዋና ምግባቸው ሣር ነው፤ ቁጭ ብለው በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ ይውላሉ፣ ሲመሽ ገደሉ ላይ ወርደው ያድራሉ። ብቻ ምግብ እንዳይወረውሩላቸው ንገሪያቸው። ዳቦ የለመደ ጭላዳ ነገ ገበሬው ማሳ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ከዚያ ጠቡ ከሰው ጋር ይሆናል፣ የሚጎዳውም እንስሳው ነው።

ዘደብረፀሐይ

ወገሬው ወንድሜ፣ ኮሶዬ ማማሩን ማን ይክዳል። ግን ሚያዝያ 23 ምን ቀን እንደሆነ አስተውል። የጊዮርጊስ ዓመታዊ ክብረ በዓል ነው። በዚያ ቀን ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚወጣውን ሰው ታውቀዋለህ። ጠዋት መናኸሪያ ሚኒባስ ሲጠብቁ ይረፍድባቸዋል፣ ሲመለሱም እንደዚያው። የአስር ሰዓቱ አይስክሬም እንዲሁ ቀረ ማለት ነው።

ደግሞ እሷ በእግር ነው ያለችው። ከቤት ወጥተው በእግር ሄደው በእግር የሚመለሱበት መንገድ እያለ ለምን መኪና ይፈልጋሉ? ጎንደር ዙሪያዋን ተራራ ነው። እኛ ግን ተወልደን እስክናረጅ ከታች ሆነን ነው የምናየው። ፈረንጅ ከሩቅ አገር መጥቶ ይወጣዋል፣ የሰፈሩ ልጅ ግን ጫፉ ላይ ቆሞ ቤቱን አይቶት አያውቅም። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል፣ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

የኔ መንገድ እንዲህ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ፒያሳ ሁኑ፣ ፀሐይ ሳይከር። ከፋሲል ግቢ አጥር ሥር እለፉ፤ አጥሩ ብቻ 900 ሜትር ርዝመት አለው፣ ልጆቹ በእርምጃ ይቁጠሩት። ከዚያ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ውረዱ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሁን ውሃ የለበትም፤ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ነው የሚሞላው። ግን የግንቡን ድንጋይ አቅፎ የያዘውን የዋርካ ሥር ይዩት። እኔ በውሃ ከተሞላበት ቀን ይልቅ ጭር ሲል ነው የምወደው።

ከመዋኛው ወደ ቁስቋም ያለው ዳገት ነው፣ ግን ለእግር የሚመች ዳገት። ቁስቋም ላይ በደንብ እረፉ፣ ከዚያ ከጀርባ ወዳለው ተራራ ውጡ። ጫፍ ባትደርሱም ግማሹ ይበቃል፤ ከተማው በሙሉ ከፊታችሁ ነው። እስከ ተራራው ደርሶ መልስ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እያረፉ፣ እየበሉ፣ እየተጨዋወቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይበቃል።

አዘዞ_ባጃጅ

ዘደብረፀሐይ ልክ ነው። እኔ በበዓል ቀን ወደዚያ መስመር ሰው ሳደርስ ነው የምውለው፣ ግርግሩን አውቀዋለሁ። ደግሞ በዚህ ጊዜ ከከተማ ርቆ መውጣት ካሰባችሁ ማታውኑ መናኸሪያ ሄዳችሁ ስለ መንገዱ ሹፌሮቹን ጠይቁ። ፌስቡክ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ዛሬ ሄዶ የተመለሰውን ሰው። ሹፌሩ አይሆንም ካለ አይሆንም ነው።

የማራኪዋ፣ ከማራኪ ፒያሳ ድረስ ባጃጅ ያዢ፣ እናትሽ ጉልበታቸውን ለዳገቱ ያስቀምጡት። ዋጋውን ሳትገቢ ተነጋገሪ። ኮንትራት ነው ወይስ በሰው ነው የሚለውን ግልጽ አድርጊ፣ ጭቅጭቁ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስትመለሱ ቁስቋም በር ላይ ባጃጅ ላይኖር ስለሚችል እናትሽ ከደከማቸው አስቀድመሽ የአንዱን ስልክ ያዢ።

የቀድሞዋ_መምህር

ልጆቼ፣ ቁስቋም ስትደርሱ ለልጆቹ ዝም ብላችሁ «ፍርስራሽ ነው» አትበሏቸው።

ያ ቦታ የእቴጌ ምንትዋብ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ሳለ ሲነግሥ፣ አገሩን የያዙት እሳቸው ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብለው ከፍታው ላይ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ተባለ። ግድግዳው ላይ በቀላ ያለ ድንጋይ የተቀረጹትን መስቀሎች ፈልጉ። ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለው የምንትዋብ ቤተ መንግሥትም ያንኑ ቀይ ድንጋይ አለበት። ልጅቷ ሁለቱን ካስተያየች የአንድ ሰው እጅ መሆኑን ራሷ ታገኘዋለች፣ ማንም ሳይነግራት።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲገባ ቁስቋም ውስጥ ፈንጣጣ የያዛቸውን የንጉሣውያኑን ቤተሰብ ልጆች አስታሟል። በእቴጌይቱ ዘንድ የተወደደው በዚህ ነው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጠፍተዋል፣ ቁስቋምም አልቀረላትም። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽም ግን ዛሬም እዚያው አለ። የ14 ዓመቱ ልጅ ይህን ቢሰማ አይረሳውም። ሦስት ትውልድ አንድ ላይ ነው ያለው።

ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ። ካህኑን ሳትጠይቁ ውስጥ ፎቶ አታንሱ።

የማራኪዋ

መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ያሉትን ለልጆቹ አነበብኩላቸው። ወንዱ አሁኑኑ እንሂድ እያለ ነው። ቁስቋም ሆነ በቃ።

ወገሬው አትቀየመኝ፣ ኮሶዬ ሌላ ጊዜ ነው።

ወገሬው

ኧረ ምን ቅያሜ አለው። ጊዮርጊስ መሆኑን ሲነግረኝ እኔም ተስማምቻለሁ፣ እኔው ራሴ በዓሉ ላይ ነኝ። ስንቅ ግን ከእኛ አገር ገብስ ይሁን። በሶ ያዙ። ውሃ ውስጥ በጥብጦ ትንሽ ጨው ወይም ማር። ዳገት ላይ በሶን የሚያህል ነገር የለም፣ ብስኩቱን ተዉት።

ሲስተር_ፒያሳ

እኔ ከጤናው በኩል ልጨምር፣ ሰው ይህን ሁሉ ሲያወራ ውሃን ማንም አላነሳም።

ሚያዝያ ነው፣ የዓመቱ ሙቀት አሁን ነው። ለአዋቂ ሁለት ሊትር፣ ለልጆቹ አንድ ተኩል ሊትር ያዙ። መንገድ ላይ እናገኛለን አትበሉ። ኮፍያ ለሁሉም። በከፍታ ላይ ፀሐይ ይበልጥ ያቃጥላል፣ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ግን አይታወቃችሁም፤ ማታ ነው አንገት የሚለበለበው።

ልጅ ራሴን አመመኝ፣ ደከመኝ ካለ ወይም ጭልጭል ካለ ጥላ ሥር አስቀምጡ። ቤት ውስጥ የምናዘጋጀውን ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ ልኩን። አንድ ጠርሙስ እንዲህ አዘጋጅታችሁ ያዙ፣ ባይፈለግ ይደፋል።

ለእናትሽ ምርኩዝ። ጉልበት የሚጎዳው ሲወርዱ ነው፣ ሲወጡ አይደለም። ዚግዛግ እያደረጉ በአጭር በአጭር እርምጃ ይውረዱ፣ ማንም አያስቸኩላቸው።

ውሾች አሉ። አትሩጡ፣ ድንጋይም አትወርውሩ፣ ቆማችሁ ቀስ እያላችሁ እለፉ። ከነከሰ ግን ቀልድ የለም። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፣ ክትባቱን በሰዓቱ ከወሰዱ ግን ይተርፋሉ።

የካምፓስ_ልጅ

ጫማስ? እኔ በሸበጥ የወጣ ሰው አይቻለሁ። ዝናብ ከጣለ መሬቱ ያንሸራትታል። የቆየ ስኒከር ከአዲስ ስኒከር ይሻላል፣ አዲስ ጫማ በዚያ ርቀት እግር ይልጣል።

የማሽኑ_ልጅ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፣ አይስክሬም 😊

እኔ ኬክ ቤት ውስጥ ማሽኑ ላይ ሠርቻለሁ። ስም አልጠራም፣ የትኛው ቤት ጥሩ እንደሆነ ሳይሆን ጥሩውን እንዴት እንደምታውቂ ልንገርሽ። ቤት ይቀያየራል፣ ማሽን ይበላሻል፣ ሠራተኛ ይለቃል። ማየቱን ከቻልሽ ግን የትም አትሸወጂም።

ሁለት ዓይነት ነው ያለው። አንዱ ከማሽን እየተጠማዘዘ ኮን ላይ የሚወርደው ለስላሳው ነው። እሱ የሚወጣው ከዜሮ በታች 5 ወይም 6 ዲግሪ ላይ ነው፣ ማሽኑ እየመታ አየር ያስገባበታል፤ ለዚህ ነው አፍ ላይ የሚቀልለው። ሌላው ፍሪዘር ውስጥ ተቀምጦ በማንኪያ የሚዛቀው ነው፣ እሱ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ መቀመጥ አለበት።

የእኛ ከተማ ጠላቱ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ይላላል። ሲመጣ ተመልሶ ይደርቃል። የቀለጠው ውሃ ሲመለስ ትልልቅ በረዶ ሆኖ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ላዩ ላይ አመዳይ ካየሽ፣ ወይ ወደ ጎን ተንሸራቶ ሰምጦ ከደረቀ፣ ቀልጦ የተመለሰ ነው። ጣዕሙ ብቻ አይደለም ነገሩ፣ ቅዝቃዜ ጀርምን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፤ ሞቆ በቆየበት ሰዓት የተራባው እዚያው አለ።

ስለዚህ ስትገቢ መጀመሪያ የምትጠይቂው «ዛሬ መብራት ነበር?» ነው። ጀነሬተር ያለው ቤት ይመረጣል። ሁለተኛ፣ የማሽኑን አፍ ተመልከቺ። ዙሪያው የደረቀ ቅሪት ካለበት ዛሬ አልታጠበም። በየቀኑ ተፈትቶ መታጠብ አለበት፣ ሥራው አድካሚ ስለሆነ የሚዘለው እሱ ነው። ሦስተኛ፣ ሰው የሚበዛበት ቤት ግቢ። ወረፋ መጥፎ አይደለም፣ የሚያልቅ ነገር አያረጅም።

ሲስተር_ፒያሳ

እግዚአብሔር ይስጥህ። ልጆች ሆዳቸውን አመማቸው ብለው የሚመጡ እናቶች ይህን ቢያነቡት።

ዲሲ_ጎንደሬ

ከሩቅ ሆኜ እያነበብኩ አፌ ምራቅ ሞላ። እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ ለፋሲካ ማግስት ፒያሳ ይወስደን ነበር። ጣሊያን የሠራቸው እነዚያ ፎቆች ሥር ቆመን፣ ልብሳችንን እንዳናቆሽሽ ጎንበስ ብለን እንበላ ነበር። አሁንም በረንዳ ላይ ቁጭ የሚባልበት ቦታ አለ?

አንድ ጥያቄ፣ የማሽኑ ልጅ። በጾም ምን ይሸጣሉ? እኔ የምመጣው ብዙ ጊዜ በጾም ነው የሚገጥመኝ።

የማሽኑ_ልጅ

ቁጭ የሚባልበትማ ሞልቷል፣ ወደ ማታ ፒያሳ በረንዳው ሰው ነው።

በጾም የፍራፍሬ ብቻ የሚሠሩ አሉ። ማንጎ ወይም እንጆሪ በስኳርና በሎሚ ተፈጭቶ ይቀዘቅዛል፣ ወተት የለውም። በደንብ ከተመታ ከወተቱ የማያንስ ነው፣ እኔ እንዲያውም በሙቀት እሱን ነው የምመርጠው። ግን ጠይቅ። የወተት ዱቄት ጣል የሚያደርጉ አሉ፣ ለመወፈር። ጾመኛ መሆንህን ስትነግራቸው ብዙዎቹ እውነቱን ይነግሩሃል። ካልሆነ ስፕሪስ ጁስ አለልህ።

ቤት ውስጥ መሥራት ለምትፈልጉ ደግሞ፣ ወተቱን አፍሉት። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከፍታ ስለሆነ። የወተት ፋብሪካዎች 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ ነው የሚያሞቁት፣ ስለዚህ የእኛ መፍላት ከበቂ በላይ ነው። ከዘመድ የመጣ ጥሬ ወተት «ንጹሕ ነው» ተብሎ እንዳለ አይቀዝቀዝ።

የማራኪዋ

ሄደን ተመለስን! ቃል በገባሁት መሠረት ልንገራችሁ፣ ረዘም ይላል።

12 ሰዓት ከሩብ ላይ ፒያሳ ነበርን። ከተማው ገና አልነቃም፣ የጊዮርጊስ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ብቻ ናቸው መንገዱ ላይ። ልጅቷ የግቢውን አጥር በእርምጃ ስትቆጥር መሐል ላይ ውሻ አይታ ቁጥሩ ጠፋባት፣ እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምር አለችኝ። መዋኛው ጋ የዋርካውን ሥር እያቀፉ ሁለቱም ፎቶ ተነሱ። ዘበኛው ደግ ሰው ነው፣ ለጥምቀት ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ በእጁ አሳያቸው።

የቁስቋምን ዳገት እናቴ ነች ቀድማ የወጣችው፣ እውነቴን ነው። ምርኩዟን ይዛ፣ መዝሙር እያጉተመተመች። እኛ ሦስታችን ከኋላ እያለከለክን። መምህር ያሉትን ቀይ መስቀል ልጅቷ አገኘችው፤ ነጠላው ላይ ካለው ጥለት ጋር አመሳሰለችው። ወንዱ አጽሙን ሲያይ ብዙ አላወራም። ሲወጣ ግን «ብሩስ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው የሄደው?» አለኝ፣ አዎ አልኩት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሌላ ወሬ የለውም። እነዚያን የታመሙ ልጆች በምን እንዳዳናቸው ነው የሚጠይቀኝ።

ተራራው ላይ ጫፍ አልደረስንም። ሁለት ሦስተኛው ላይ ወይራ ሥር ተቀመጥን። ከተማው እንዳለ ይታያል፣ የግቢው ግንቦች፣ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ ባሕር ዛፉ፣ ወዲያ ማዶ የጎሃ ኮረብታ። እናቴ ተወልዳ ያደገችበትን ሰፈር በጣቷ እየፈለገች «ያውና፣ ያውና» ስትል፣ እዚህ ከተማ ተወልዳ ከዚህ ቦታ አይታው እንደማታውቅ ነገረችኝ። ዘደብረፀሐይ፣ አንተ ያልከውን ያኔ ነው የገባኝ። ልጆቿን ሁሉ ይዤ እዚህ ልመልሳት አሰብኩ። በሶውን እዚያ በጠበጥነው፣ ወገሬው እጅህ ይባረክ፣ ልጆቹ ደገሙት።

ስንወርድ አንድ ያላሰብነው ነገር ሆነ። ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት አንዲት እናት ወጥተው «ጊዮርጊስ ነው፣ ሳትቀምሱ አታልፉም» አሉን። አናውቃቸውም፣ አያውቁንም። ገባን። ዳቦ ተቆርሶ፣ ጠላ ቀርቦ፣ ለልጆቹ ደግሞ ውሃ በማር። ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዘመዳችን ናቸው እንዴ?» አለችኝ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። እናቴና ሴትዮዋ ሲጫወቱ የአንድ ሰው ዘመድ የሆነ ሰው አገኙ፣ ጎንደር ውስጥ መቼም ይገኛል። መርቀው ሸኙን።

ስምንት ሰዓት ላይ ደመና መጣ፣ ጥቂት ጠብ ጠብ አለ፣ አልገፋበትም። ቁልቁለቱን ሲስተር እንዳለችው በዚግዛግ ነው የወረድነው። እናቴ ጉልበቷን ዛሬ አላመማትም፣ ጠዋት ጠይቄያታለሁ።

ፒያሳ የደረስነው አስር ሰዓት አልፎ ነው። የመጀመሪያው ቤት ገባን፣ የማሽኑ ልጅ የተናገረውን አስታውሼ ፍሪዘሩን አየሁት። ላዩ አመዳይ ነበር። መብራት ነበር ወይ ስለው ልጁ «እኩለ ቀን ጠፍቶ ነበር» አለኝ፣ ስለ እውነቱ አመሰገንኩት፣ ወጣን። ሁለተኛው ቤት ከማሽን የሚወርድ ነበር፣ ወረፋም ነበረው፣ አፉም የታጠበ። ጠበቅን። ልጅቷ ቫኒላና ቸኮሌት የተደባለቀ፣ ወንዱም እንደዚያው። እናቴ «ትንሽ ልቅመስ» ብላ ከኔ ጀመረች፣ ኋላ የራሷን አዘዘች። ኮኑን እስከ ጫፉ በላችው። ከዚያ «አርብ ቀን እንዲህ ሲበላ ደስ ይላል» አለች፣ ሃምሳው ቀን የተሰጠው ለደስታ ነው ብላ ለልጆቹ አስረዳቻቸው። በረንዳው ላይ እግራችንን ዘርግተን እስኪመሽ ተቀመጥን።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ ልጁ ሊጠይቅዎት የሚፈልገው ነገር አለ፣ ስለ ፈንጣጣው።

የቀድሞዋ_መምህር

ልጄ ተባረኪ። ለልጁ እንዲህ በይው። ብሩስ ሐኪም አልነበረም፣ ግን የመድኃኒት ዕውቀት ነበረው። ታማሚዎቹን በተዘጋ ሙቅ ክፍል ውስጥ ማፈን ትቶ ቤቱ እንዲናፈስ፣ እንዲታጠን፣ ንጹሕ እንዲሆን አደረገ። ለፈንጣጣ ማዳኛ አልነበረም፤ የቻለው ታማሚውን መንከባከብ ነው። ክትባቱ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1796 እ.ኤ.አ. በእንግሊዛዊው ጄነር ነው። ዛሬ በሽታው ከምድር ጠፍቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1980 እ.ኤ.አ. አውጇል። ከመጥፋቱ በፊት የመጨረሻዎቹ ዓመታት ትልቁ ዘመቻ የተካሄደው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥና ሶማሊያ ነው፣ ክትባት የሰጡት ሰዎች በእግርና በበቅሎ ነው የዞሩት። ይህን እንደ አንተ ዳገት እየወጡ ነበር በይው።

አዘዞ_ባጃጅ

የሴትዮዋ ነገር ነው ያስደሰተኝ። ጊዮርጊስ ማንንም ሳያቀምስ አያሳልፍም።

ዲሲ_ጎንደሬ

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ለአባቴ አነበብኩለት። 80 አልፎታል። «ያውና ያውና» የሚለው ጋ ስደርስ ድገመው አለኝ።

ሐምሌ ላይ ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ፣ እዚህ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው። በክረምት ይሄ መንገድ ይሆናል? ጾሙስ እንዴት ነው የሚያዘው?

ዘደብረፀሐይ

ይሆናል ወንድሜ፣ አረንጓዴውን ካየኸው ደግሞ ሌላ አገር ነው የሚመስልህ። ሰዓቱን ብቻ ማወቅ ነው። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚጥለው፣ ስለዚህ 12 ሰዓት ወጥታችሁ እስከ ስድስት ሰዓት ጨርሱ። ከመዋኛው በላይ ያለው ጭቃ ስለሚሆን ጥርስ ያለው ጫማ አምጡ። ቀሃ ሲሞላ በድልድዩ ብቻ ተሻገሩ፣ ልጆቹ ወንዙ ውስጥ አይግቡ፤ ላይ ሲዘንብ ሳታስቡት ነው የሚመጣው።

ለአይስክሬሙ፣ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመሐል ያሉት ሳምንታት ረቡዕና አርብ ብቻ ሲቀሩ የናንተ ናቸው። በክረምት ብርድ ነው ብላችሁ አትተዉት፣ ከዳገት ለወረደ ሰው ሁልጊዜም ይበላል። ቀኑን ቁረጥና ጻፍልኝ፣ እኔም አብሬያችሁ እወጣለሁ።

የማሽኑ_ልጅ

ሐምሌ ላይ መብራቱ ይበልጥ ይቆራረጣል። ስትመጡ ከፍሪዘሩ ሳይሆን ከማሽኑ።

ዲሲ_ጎንደሬ

ሐምሌ 11 ቅዳሜ ብያለሁ። ስንት ሰዓት ላይ የት እንገናኝ?

ዘደብረፀሐይ

12 ሰዓት፣ ጃንተከል ዋርካ ሥር።